ቀኑ ያለፈበት ደረቅ እርሾ ቢራ ቢጠመቅበት ጤና ይጎዳል?



በኢንቦክስ የደረሰኝ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ዶክተር፣ ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቂያ ሙሉ ዕቃ አምጥቶልኝ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ሳልነካው ቆየ። አሁን ልሞክረው ስል የእርሾው ፓኬት ኤክስፓየርድ ዴት ካለፈ አንድ ዓመት ሆኖታል። ብጠቀምበት ይመርዘኛል? ወይስ ከሱቅ የዳቦ እርሾ ገዝቼ ልጨምርበት?»

አጭሩ መልስ፦ እርሾው አይመርዝህም። ግን «አይመርዝም» ማለትና «ችግር የለውም» ማለት ይለያያሉ። አሮጌ እርሾ ጉዳት የሚያመጣው በራሱ ሳይሆን ሥራውን ሳይሠራ ሲቀር ነው። የእሱን ቦታ ማን እንደሚይዝ ነው ማየት ያለብን።

መጀመሪያ ቀኑን በደንብ እናንብብ። ፓኬቱ ላይ 05/08/2025 ቢል፣ ለአሜሪካ ገበያ የታሸገ ከሆነ ሜይ 8 ማለት ነው፤ ለአውሮፓ ከሆነ ደግሞ ኦገስት 5። የሦስት ወር ልዩነት አለው። ሁሉም በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከእኛ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። «2025 እኮ ገና ሩቅ ነው» ብሎ ያለፈበትን ዕቃ የሚጠቀም ሰው ብዙ ነው፤ እንዳትሸወዱ።

ሁለተኛ፣ የቀን ዓይነቱም ይለያያል። አንዳንዱ ምግብ ላይ የሚጻፈው «ከዚህ ቀን በኋላ አትጠቀሙ» ነው፤ ሌላው ላይ ደግሞ «ከዚህ ቀን በፊት ብትጠቀሙበት ይሻላል» ነው። ደረቅ እርሾ ላይ ያለው ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። አምራቹ «እስከዚህ ቀን ድረስ በቂ ሕይወት ያለው እርሾ እንደሚኖር ዋስትና እሰጣለሁ» እያለ ነው እንጂ በማግስቱ መርዝ ይሆናል ማለቱ አይደለም። (ይህን ስል ግን መድኃኒት ላይ እንዳትተረጉሙት። ቀኑ ያለፈበት መድኃኒት ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን አትዋጡ።)

ደረቅ እርሾ ምንድን ነው? ብዙ ሰው እንደ ቤኪንግ ፓውደር ኬሚካል ይመስለዋል። አይደለም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው። አንድ ግራሙ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ በዓይን የማይታዩ ባለ አንድ ሴል ፍጥረታት አሉ። ውሃቸው ተመጥጦ እንቅልፍ ላይ ናቸው። ስኳርና ለብ ያለ ውሃ ሲያገኙ ይነቃሉ፤ ስኳሩን በልተው አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። የቢራው አልኮልም አረፋውም ከዚያ የመጣ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1876 ስለ ቢራ ባሳተመው ጥናት ላይ ዋናው ጉዳዩ ይኸው ነበር፦ ቢራን የሚያበላሸው የተሳሳተው ፍጥረት ገብቶ ሲሠራ ነው። ዛሬም ቢሆን ነገሩ ከዚህ አልወጣም።

እንቅልፍ ላይ ያለ ፍጥረት ደግሞ ለዘላለም አይተኛም። ቀስ እያለ ይሞታል። የሚገድሉት ሦስት ናቸው፦ ሙቀት፣ እርጥበት፣ አየር። ስለዚህ ከተጻፈው ቀን ይልቅ «የት ተቀምጦ ነበር?» የሚለው ጥያቄ ይበልጣል። ያልተከፈተና ፍሪጅ ውስጥ የቆየ ፓኬት በአንድ ዓመት የሚያጣው ጥቂቱን ነው። ከምድጃው በላይ ያለ ቁምሳጥን ውስጥ ወይም ድሬዳዋና አዳማ በመሰለ ሞቃት ቦታ ክፍል ውስጥ የከረመው ግን ሞቱ በጣም ይፈጥናል። ቀኑ ሳያልፍ የሞተም አለ፤ ቀኑ አልፎ የሚሠራም አለ። አንዴ ከተከፈተ ደግሞ የተጻፈው ቀን ዋጋ የለውም። በደንብ ታሽጎ ፍሪጅ ውስጥ ቢቀመጥም በአንድ ሳምንት ውስጥ መጠቀም ነው።

የሞተው እርሾስ ሆድ ውስጥ ቢገባ? ምንም። የሞተ እርሾ ፕሮቲንና ቫይታሚን ቢ ነው። እንዲያውም ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች አሮጌ የዳቦ እርሾ ቀቅለው ለአዲሱ እርሾ እንደ ምግብ ይጨምሩለታል። «የሞተ እርሾ መርዝ ያመነጫል» የሚባለው እውነት አይደለም።

ሌላው የሚፈራው ሜታኖል ነው፤ ዓይን የሚያጠፋው፣ ሰው የሚገድለው አልኮል። እሱም ከእርሾው ዕድሜ ጋር አይገናኝም። ከብቅል የሚጠመቅ ቢራ ውስጥ ያለው ሜታኖል እጅግ ትንሽ ነው። ሰው የሚገድለው ብዙውን ጊዜ የኢንዱስትሪ አልኮል የተቀላቀለበት ወይም ያለ ጥንቃቄ የተጣራ አረቄ ነው።

እንግዲህ አደጋው የት ነው?

እዚህ ላይ አንድ የቋንቋ ነገር ላንሳ። በአማርኛ ውሃም «ፈላ» እንላለን፣ ጠላም «ፈላ» እንላለን። ግራ እንዳይገባችሁ፣ እሳት ላይ ያለውን «መቀቀል»፣ የእርሾውን ሥራ ደግሞ «መብላላት» እያልኩ እቀጥላለሁ።

ብቅሉ ተቀቅሎ፣ ሆፕስ ተጨምሮበት የሚወጣው ጣፋጭ ውሃ ለእርሾ ብቻ ሳይሆን ለባክቴሪያም ሠርግ ነው። ስኳር አለው፣ ፕሮቲን አለው፣ ሲቀዘቅዝ ለብ ይላል። የተበላላ ቢራ ግን ሌላ ዓለም ነው፦ ይኮመጥጣል፣ አልኮል አለው፣ ሆፕስ አለው፣ ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንጂ ኦክስጅን የለም፣ ስኳሩም ተበልቷል። በዚህ ሁሉ ምክንያት ታይፎይድና ተቅማጥ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች በደንብ በተበላላ ቢራ ውስጥ መራባት አይችሉም። ልብ በሉ፦ ከጣፋጩ ውሃ ወደ ቢራው የሚያሻግረው እርሾው ብቻ ነው። ጤነኛ እርሾ በሰዓታት ውስጥ ያሻግራል። ግማሹ የሞተ እርሾ ግን ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል። በዚያ መሀል በሩ ክፍት ነው።

በቁጥር እናስቀምጠው። ያልተበላላ የብቅል ውሃ የአሲድ መጠኑ (ፒኤች የሚባለው) በግምት ከ5.0 እስከ 5.5 ነው። ቢራ ሲሆን ወደ 4.0 እና 4.5 ይወርዳል። ፒኤች ሲያንስ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል። በምግብ ደህንነት ትልቁ ድንበር 4.6 ነው፤ ከዚያ በታች ቦቱሊዝም የሚያመጣው ባክቴሪያ አያድግም። የብቅሉ ውሃ ከድንበሩ በላይ፣ ቢራው ከድንበሩ በታች ነው ማለት ነው። ቦቱሊዝም ነርቭን የሚያሽመደምድ መርዝ ሲሆን አየር በሌለበት፣ ለብ ባለና ብዙ በማይኮመጥጥ ምግብ ውስጥ ይፈጠራል። የታሸገ ባልዲ ውስጥ እርሾው ሳይሠራበት ለቀናት የተቀመጠ የብቅል ውሃ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል።

«ቀቅዬዋለሁ እኮ!» የሚል ይኖራል። መቀቀል አብዛኛውን ጀርም ይገድላል፤ የቦቱሊዝም ባክቴሪያ ግን ዘር መሰል ጠንካራ ሽፋን ለብሶ ይቆያል፣ በተራ መቀቀል አይሞትም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከፍታው ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚንፈቀፈቀው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሆፕሱን ለማውጣት ይበቃል፤ ሁሉን ነገር ይገድላል ማለት ግን አይደለም።

ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። በሥርዓት የተበላላ ቢራ ለዚህ በሽታ ምክንያት አይሆንም። ለመበላላት እምቢ ያለውን ውሃ ግን «ትንሽ ልጠብቀው፣ ምናልባት ይነሳ ይሆናል» እያሉ ሳምንት ማስቀመጥ አይገባም። የእኔ ምክር ይህ ነው፦ እርሾው ከተጨመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ላዩ ላይ አረፋ ወይም የጋዝ እንቅስቃሴ መታየት አለበት። በ24 ሰዓት ምንም ከሌለ፣ ሽታው ንጹህ ከሆነ ወዲያው አዲስ እርሾ ጨምሩበት። ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ካለ ድፉት። አትቅመሱት፣ እንደገና ቀቅዬ ላድነው አትበሉ። ብቅሉ ያሳዝናል፣ አውቃለሁ፤ በተለይ በዛሬ ዋጋ።

የቦቱሊዝም ምልክቶችን ለማወቅ ያህል፦ ነገር ሁለት ሁለት ሆኖ መታየት፣ የዓይን ቆብ መውደቅ፣ የአፍ መድረቅ፣ ምላስ መተሳሰር፣ ለመዋጥ መቸገር፣ ከዚያ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ድካም። ብዙውን ጊዜ በ12 እና በ36 ሰዓት መካከል ይጀምራል፣ ዘግይቶም ሊመጣ ይችላል። ትኩሳት አብሮት አይመጣም። «ሰክሮ ነው» ተብሎ የሚታለፍ በሽታ ስለሆነ፣ ሳይጠጣ የሰከረ የሚመስል ሰው ካያችሁ ቶሎ ድንገተኛ ክፍል አድርሱት።

አሁን ወደ ፓኬታችሁ እንመለስና እንፈትነው። መጀመሪያ በዓይን፦ ፓኬቱ ካበጠ፣ ከተቀደደ፣ ውስጡ ያለው ደረቅ ቅንጣት ሳይሆን የተጓጎለ ወይም የጠቆረ ከሆነ፣ ወይም ሽታው የዳቦ ሳይሆን የሻገተ ነገር ከሆነ ይጣል። መፈተንም አያስፈልግም።

ደህና ከመሰለ ንጹህ ብርጭቆ ውስጥ ተቀቅሎ ለብ ያለ ውሃ ግማሽ ድረስ አድርጉ፤ ለቢራ እርሾ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ፣ ለዳቦ እርሾ እስከ 40 ዲግሪ ይሆናል። ቴርሞሜትር ከሌለ ክንዳችሁ ላይ ጠብ አድርጉት፤ እንደ ሕፃን ወተት፣ ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማችሁ ለዳቦው ልክ ነው፣ ለቢራው ደግሞ ትንሽ ቀዝቀዝ ይበል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር አሟሙበት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ እርሾ በትኑበት፣ ክደኑት። የዳቦ እርሾ በ10 ደቂቃ አረፋ ይደፍቃል። የቢራ እርሾ ዝግ ስለሚል ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ታገሡት።

አረፋ ከሌለ ሞቷል። አረፋ ካለስ? በሕይወት ያለ አለ ማለት ነው፤ ስንቱ እንዳለ ግን አይነግራችሁም። መቶ ሰው የሚሠራውን እርሻ አሥር ሰው ገብቶበት «ሠራተኛ አለ» እንደማለት ነው። በጤናማ እርሾ ለ20 ሊትር ቢራ ከ10 እስከ 16 ግራም ያስፈልጋል፤ ገበያ ላይ ያለው የቢራ እርሾ ፓኬት አንዱ በአብዛኛው 11.5 ግራም የሚሆነው ለዚህ ነው። አንድ ዓመት ያለፈበትና ፍሪጅ ያልገባ ፓኬት ለዚህ ብቻውን አይበቃም። ሁለት እጥፍ መጨመር ይቻላል፤ ግን ሁለት አሮጌ ፓኬት ከመክፈት አንድ አዲስ መግዛት ይሻላል። ለጠያቂዬም የምለው ይህንኑ ነው። ብቅሉንና ሆፕሱን ተጠቀምባቸው፣ እርሾውን ብቻ ቀይር።

የዳቦ እርሾውስ? ከጤና አንጻር ትኩስ የዳቦ እርሾ ከአሮጌ የቢራ እርሾ ይሻላል። ዝርያቸውም ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ዳቦውን የሚያስነሳውና ቢራውን የሚያበላላው አንድ ቤተሰብ ነው፣ ሙያቸው ነው የተለያየ። የዳቦው ቢራውን ያደፈርሰዋል፣ ወደ ታችም ቶሎ አይዘቅጥም፣ ጣዕሙ ዳቦ ዳቦ ይላል። ለሆድ ግን ክፉ አይደለም። የእንጀራ እርሾ ግን እዚህ አይገባም። እሱ እርሾና አሲድ የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ድብልቅ ስለሆነ ቢራችሁ እንደ ሊጥ ኮምጥጦ ቁጭ ይላል።

«እናቶቻችን ያለ ፓኬት ጠላ ይጠምቁ የለ?» ትክክል። ጠላ እርሾውን የሚያገኘው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ነው። እንስራው በግራዋ ታጥቦ በወይራ የሚታጠነው ለመዓዛ ብቻ አይደለም፤ የማይፈለገውን ጀርም ለመቀነስም ነው። ጥንስሱ ደግሞ መጀመሪያ በትንሹ ተጀምሮ፣ ሕይወት ከዘራ በኋላ ነው ድፍድፉ የሚመጣበት። ማለትም እርሾው መንቃቱ ሳይረጋገጥ ዋናው እህል አይገባም። የብርጭቆው ፈተና ከዚህ የሚለየው በመልኩ ብቻ ነው።

ሌላው አደጋ ከሆድ ጋር አይገናኝም፤ ከዓይን ጋር ነው። የደከመ እርሾ ሥራውን መሀል ላይ ያቆማል። አረፋው ሲጠፋ «አለቀ» ብላችሁ በጠርሙስ ሞልታችሁ ቆርኪ ትመቱበታላችሁ። ውስጡ ግን ያልተበላ ስኳር ቀርቷል። ክፍሉ ሞቅ ሲል፣ ወይም ከአየር የገባ የዱር እርሾ ሲነሳ፣ ታሽጎ ባለበት ጋዝ መሥራት ይጀምራል። ጠርሙሱ አልችል ሲል ይፈነዳል። ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች የጠርሙስ ቦምብ ይሉታል፤ ቀልድ አይደለም። የመስታወት ስብርባሪ ዓይን ያጠፋል፣ የእጅ ጅማት ይቆርጣል። አዲስ አበባ ላይ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ስለሚል እርሾው ማታ አንቀላፍቶ ቀን መንቃቱ ያታልላል። ስለዚህ አረፋን አትመኑ። የስኳር መለኪያው (ሃይድሮሜትር ይባላል፣ ከመጥመቂያ ዕቃው ጋር ብዙ ጊዜ አብሮ ይመጣል) ሦስት ቀን ተከታታይ አንድ ዓይነት ቁጥር ካላሳየ በጠርሙስ አትሙሉ። ከሞላችሁም አንዱን በለስላሳ መጠጥ ፕላስቲክ ሙሉትና በየቀኑ በጣታችሁ ጫን በሉት። እንደ ድንጋይ ሲጠነክር ሁሉንም ፍሪጅ ውስጥ አስገቡ። ስትነኳቸው ወፍራም ፎጣ ጣሉባቸው፣ መነጽርም አድርጉ።

ዓይን ውስጥ ስብርባሪ ከገባ አትሹት፣ አታጥቡት፣ ለማውጣት አትሞክሩ። የወረቀት ኩባያ ዓይኑን ሳይነካ ከላይ ክደኑና በፕላስተር አስይዙት፣ ወዲያው የዓይን ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ።

ለጋዙም አንድ ቃል፦ አንድ ኪሎ ስኳር ሲበላላ ወደ ግማሽ ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ በይዘት ከ200 ሊትር በላይ ጋዝ ነው። በርሜሉን ወይም ጀሪካኑን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ። ሰው በሚተኛበት ጠባብ ክፍል ውስጥም አታስቀምጡ፣ መስኮት ይከፈት። ዕቃውን በበረኪና ካጸዳችሁ በደንብ አለቅልቁ፤ ከኮምጣጤ ጋር ደግሞ በፍጹም አትቀላቅሉ፣ ሳንባ የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል።

በመጨረሻም፣ ቢራው በደንብ ቢበላላም እንኳ ቤት የተጠመቀ ያልተጣራ ቢራ የማይሆናቸው ሰዎች አሉ።

የስኳር ሕመምተኞች፦ አሮጌ እርሾ ግማሽ መንገድ ላይ ያቆመው ቢራ ስኳሩ አልተበላም። የፋብሪካ ቢራ ለምዳችሁ «አንድ ጠርሙስ ይህን ያህል ነው» ብላችሁ ከገመታችሁ ግምቱ ይበላሻል። ኢንሱሊን የሚወጉ ደግሞ አልኮሉ በባዶ ሆድ ከሆነ በተቃራኒው ስኳራቸውን አውርዶ ይጥላቸዋል።

ሪህ ያለባችሁ፦ የጠርሙሱ ሥር ላይ የሚዘቅጠው እርሾ ዩሪክ አሲድ የሚጨምር ነገር ይበዛበታል። እንደ ጉሽ ጠላ አራግፋችሁ አትጠጡት። ጤነኛ ሰውንም ቢሆን ዝቃጩ ሆድ ይነፋል፣ ያስቀምጣል።

የቲቢ መድኃኒት ላይ ያላችሁ፦ አልኮል ራሱ ከአይሶኒያዚድ ጋር ጉበት ይጎዳል፤ ማንኛውም አልኮል ይቅርባችሁ። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ የሚሰጠው ሊኔዞሊድ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ባክቴሪያ በገባበት ያልተጣራ ቢራ ውስጥ ታይራሚን የሚባል ነገር ይበዛል፣ ከመድኃኒቱ ጋር ሲገናኝ የደም ግፊትን በድንገት ሊያስወነጭፍ ይችላል። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም እንደዚሁ ናቸው። ከባድ ራስ ምታትና የልብ ምት መፍጠን ከመጣ ሐኪም ቤት ነው።

በካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ፣ የበሽታ መከላከል አቅማቸው የወረደ፣ ደም ሥራቸው ላይ ቋሚ ቱቦ ያለባቸው ሰዎች ሕይወት ያለው እርሾ ያለበትን መጠጥ ይተዉት፤ ብርቅ ቢሆንም እርሾው ደም ውስጥ ገብቶ ያውቃል። ነፍሰ ጡር እናቶችስ? ለፅንሱ ደህና ነው የሚባል የአልኮል መጠን የለም፣ የቤትም ይሁን የፋብሪካ።

ፓኬታችሁ ላይ ያለው ቀን ወይም ጽሑፍ ግራ ካጋባችሁ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንስታችሁ በኢንቦክስ ላኩልኝ፤ የት ተቀምጦ እንደቆየም ጻፉልኝ። የጠጣ ሰው ታሞባችሁ ከሆነ ግን መልሴን አትጠብቁ፤ ወደ ቅርብ ሆስፒታል ሂዱ፣ ከተቻለ ጠርሙሱን ይዛችሁ።